የድሬዳዋ ገበያው ባለ 50 ዋት ሶላር፦ ፓኔሉ ይዘልቃል፣ ባትሪውስ?

ከቢዮአዋሌ ወይም ከዋሂል፣ ከጀልዴሳ ወይም ከሐሰሊሶ ለቤቱ ሶላር ሊገዛ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንደኛው ከየሱቁ ተሰብስቦ የሚገጠመው ነው፦ ባለ 50 ዋት ፓኔል፣ ባለ 10 አምፒር ኮንትሮለር (የባትሪውን መሙላትና መራገፍ የሚቆጣጠር ሳጥን)፣ 12 ቮልት የሌድ አሲድ (የእርሳስና የአሲድ) ባትሪ፣ ሦስት ወይም አራት የዲሲ (በቀጥታ ከባትሪ የሚሠራ) አምፖልና ጥቅል ሽቦ። ሁለተኛው በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው ነው፦ አነስ ያለ ፓኔል፣ ሊቲየም ባትሪ በውስጡ የያዘ ሳጥን፣ ከነገመዳቸው የተዘጋጁ አምፖሎች፣ አንዳንዴም ሬዲዮ። እዚህ ይበልጥ የምንመረምረው የመጀመሪያውን ነው። በዋት ሲሰላ ስለሚረክስ ገዢው ብዙ ነው፤ በደንብ ካልተመረጠና ካልተገጠመ ደግሞ ቶሎ የሚጨልመው እሱ ነው።

ፍርዳችንን ከመነሻው እንናገር። ፓኔሉ ትክክለኛ ከሆነ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው፤ 20 ዓመት ያገለግላል። ኮንትሮለሩ ከተስተካከለ ይበቃል። ቤተሰቡን ጨለማ ውስጥ የሚመልሱት ባትሪውና ሽቦው ናቸው። ገዢው ግን ገንዘቡንም ጥያቄውንም ፓኔሉ ላይ ጨርሶ ባትሪውን በተረፈው ብር ይገዛል። ዋጋ እዚህ አንጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም።

ሱቅ ከመግባት በፊት ሒሳቡ ይቅደም። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች በየምሽቱ 5 ሰዓት ቢበሩ 75 ዋት-ሰዓት (ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ) ይፈጃሉ። ሁለት ስልክ ሲሞላ፣ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 40 ያህል ነው። ባለ 3 ዋት ሬዲዮ ለ5 ሰዓት 15። ድምሩ 130 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የአካባቢያችን ፀሐይ በቀትር ጥንካሬዋ ቢሰላ በቀን ከ5 ሰዓት በላይ ትሰጣለች፤ 50 ዋት በ5 ሰዓት 250 ነው። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ሽቦውና ባትሪው የየድርሻቸውን ወስደው እጅ ላይ የሚቀረው 60 በመቶው፣ 150 ገደማ ነው። ስለዚህ ባለ 50 ዋቱ ለመብራት፣ ለስልክና ለሬዲዮ ይበቃል። 20 ዋት የሚበላ የዲሲ ቴሌቪዥን በቀን 3 ሰዓት ይከፈት ከተባለ ግን ድምሩ 190 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ባለ 80 ዋት ይግዙ። «50 ቴሌቪዥንም ይችላል» የሚል ሻጭ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነቱን ነው፤ ባትሪው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጎደለበት ስለሚሄድ ጉዱ የሚወጣው በኋላ ነው።

ፓኔሉ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይመኑ፤ ይለኩ። መጀመሪያ በሜትር። ጥሩ የሚባል ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር የሚሰጠው ቢበዛ 200 ዋት አካባቢ ነው። 54 በ67 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፓኔል 0.36 ካሬ ሜትር ስለሚሆን 50 ዋት ቢባል ያስኬዳል፤ እዚያው ላይ 100 ተብሎ ከተጻፈ ግን ውሸት ነው። ቀጥሎ በቴስተር፣ ቮልትና አምፒር በሚለካው መሣሪያ። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ደመና በሌለበት፣ ፓኔሉን ፊት ለፊት ወደ ፀሐይ ያዙሩት። ምንም ሳይገናኝ ቮልቱ 20 እና 21 አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ቴስተሩን ወደ 10 አምፒር ዲሲ ቀይረው ሁለቱን ጫፍ በቴስተሩ በኩል ያገናኙ፤ ትክክለኛ ባለ 50 ዋት ወደ 3 አምፒር የሚጠጋ ያሳያል። 1.5 ካሳየ የያዙት ባለ 25 ዋት ነው። ቮልቱ ብቻ ተለክቶ «ይኸው 21 አለ» ቢባል ማስረጃ አይሆንም፤ ባለ 10 ዋቱም 21 ያሳያል። የቴስተሩ ገመድ አምፒር ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ባትሪ መለካት ደግሞ ቀጥታ ሾርት ማድረግ ነው፤ ቴስተሩ ይቃጠላል፣ እጅም ይጎዳል።

ሌላው የሚያሳስት ነገር ትልቁ ፓኔል ነው። ባለ 300 ዋት ሆኖ ክፍት ቮልቱ (ምንም ሳይገናኝ የሚለካው) 40 የሚደርሰውን ፓኔል ፒደብሊውኤም በሚባለው ተራ ኮንትሮለር ላይ ለ12 ቮልት ባትሪ የሚገጥሙ አሉ። ይህ ኮንትሮለር ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ስለሚያወርደው ከግማሽ በላይ የሆነው ጉልበት ይጠፋል፤ ኮንትሮለሩ ቮልቱን ካልቻለም ይቃጠላል። ለ12 ቮልት ባትሪ የሚሆነው 36 ሴል ያለው ነው፤ ቁጭ ብሎ መቁጠር ይቻላል፣ ሴሎቹ ከግማሽ ከተቆረጡ ደግሞ 72 ቁራጭ ይሆናሉ። «ኤምፒፒቲ» (የፓኔሉን ትርፍ ቮልት ወደ አምፒር የሚቀይረው ዓይነት) ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ተራ የሆነ ኮንትሮለርም ገበያ ላይ አለ፤ እውነተኛው ውስጡ የመዳብ መጠምጠሚያ ስላለው ከበድ ይላል፣ ዋጋውም ከተራው ብዙ እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። በእኛ ግምት የዚህ ዕቃ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው።

ለ130 ዋት-ሰዓት ምሽት፣ ለደመናማ ቀን ትንሽ መጠባበቂያ ጨምረን 200 እንበል። ሌድ አሲድ ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመረጥ 400 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ለ12 ቮልት ሲካፈል 33 አምፒር-ሰዓት ገደማ ነው፣ በገበያው አነጋገር ባለ 40 አምፒር ባትሪ ማለት ነው። ከዚህ ማነስ ጉዳት እንዳለው ሁሉም ያውቃል። ከዚህ መብለጥ የሚያመጣውን ጉዳት ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። ባለ 50 ዋት ፓኔል ላይ ባለ 100 አምፒር ባትሪ ሲታሰር ከፓኔሉ የሚመጣው ከ3 አምፒር ያነሰ ስለሆነ ባትሪው ሞልቶ አያውቅም። ያልሞላ ሌድ አሲድ ደግሞ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ያ ግግር ከጠነከረ አይመለስም። «ትልቅ ባትሪ ይሻላል» ተብሎ ተበድሮ የተገዛ ባትሪ በረሃብ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሳህኖቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት እንዲሰጡ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብለው እንዲፈስሱ አልተሠሩም። ጥቂት አሥርት ጊዜ እስከ ታች ከተሟጠጠ ያበቃለታል። ለሶላር የተሠራውን ለመለየት ሚዛን ትልቅ ዳኛ ነው። ሌድ አሲድ በኪሎ ወደ 3 አምፒር-ሰዓት ይይዛል፤ ባለ 40 አምፒር የተባለው 13 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 100 የተባለው 30 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። ከፊራ ውስጥ የእህል ሚዛን ሞልቷል። ባለ 100 ተብሎ 16 ኪሎ የመዘነ ባትሪ ውስጡ ያለው እርሳስ ግማሽ ነው። (ሊቲየም ከሆነ ቀሎ መገኘቱ ትክክል ነው፤ ይህ ሚዛን ለሌድ አሲድ ብቻ ይሠራል።) ቮልቱንም ይለኩ፤ ከቻርጅ ወጥቶ ለሰዓታት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.7 አካባቢ፣ ግማሽ የሆነው 12.2 ያሳያል። መደርደሪያ ላይ ከርሞ ከ12.2 በታች የወረደውን አይውሰዱ፤ በቁሙ ተጎድቷል።

የድሬዳዋ ሙቀት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። የሌድ አሲድ ዕድሜ የሚነገረው በ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቆርቆሮ ክፍል ከሰዓት በኋላ 40 ዲግሪ ቢያልፍ የሚደነቅ የለም። ወደ 1,900 ሜትር የምትጠጋው ሐረር ላይ ያው ባትሪ ረዘም ያለ ጊዜ የሚያገለግለው በሌላ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ባትሪው ፀሐይ ከሚመታው ቆርቆሮ ግድግዳ ርቆ፣ ከጭቃው ወይም ከድንጋዩ ግድግዳ ጥግ፣ እንጨት ላይ ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያገኝበት ይቀመጥ። ከአልጋ ሥር አይሁን፤ ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ክዳኑ የሚከፈተውን ዓይነት ከያዙ በየወሩ ውሃውን ይዩ። ሲጎድል የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድ መጨመር ሳህኑን ይበላዋል። የቧንቧ ውሃም አይሆንም። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚያስቀረውን ነጭ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ያው ድንጋይ ባትሪው ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅተውም።

ኮንትሮለሩ ትንሽ ሳጥን ስለሆነ ማንም አያስተውለውም፤ ባትሪውን የሚጠብቀው ግን እሱ ነው። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ሦስት የባትሪ ምርጫ አለው፤ የታሸገ፣ ጄልና ውሃ የሚጨመርበት። የያዙትን ባትሪ የሚመስለውን ይምረጡ። ከዚህ የሚብሰው ጉዳይ መብራቱን የሚያቋርጥበት ቮልት ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ 10.7 ላይ ተደርጎ ነው፤ በአምፖልና በሬዲዮ ልክ ባለ ቀስታ አወጣጥ ባትሪው 10.7 ከደረሰ ከግማሽ አልፎ ባዶ ሆኗል። ቁልፉን ተጭነው ወደ 11.8 ያሳድጉት። አምፖሉ ከበፊቱ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል፤ ቤተሰቡም «ሶላሩ ተበላሸ» ሊል ይችላል፤ የባትሪው ዕድሜ የተገዛው ግን በዚያች ሰዓት ነው። የሙቀት መለኪያ የሌለው ኮንትሮለር በሞቃት ወራት ባትሪውን ከልክ በላይ ስለሚያፈላው፣ መሙያ ቮልቱ የሚቀየር ከሆነ ከ14.4 ወደ 14.1 ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ አይዛባ። በመጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፣ በመጨረሻ አምፖሎቹ። ሲፈታ በተቃራኒው። ኮንትሮለሩ ከምን ዓይነት ባትሪ ጋር እንደሚሠራ የሚያውቀው ከባትሪው ቮልት ነው፤ ፓኔሉ ከቀደመ 21 ቮልቱ በቀጥታ ይገባበትና ራሱን ወይም አምፖሎቹን ሊያቃጥል ይችላል። ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ባለ 15 አምፒር ፊውዝ ይግባ። ይህ ፊውዝ ከጠቅላላ ዕቃው ሁሉ ርካሹ ነው፤ ሳይገጠም የሚታለፈውም እሱ ነው። ሽቦ ተላልጦ ቢነካካ 40 አምፒር ባትሪ የሣር ጣሪያ ለማቃጠል የሚበቃ ጉልበት አለው።

ስለ ሽቦ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይናገራል። ፓኔሉ ከኮንትሮለሩ 10 ሜትር ቢርቅ ጉልበቱ ሄዶ ሲመለስ 20 ሜትር መዳብ ያቋርጣል። በቀጭኑ ባለ 0.75 (ካሬ ሚሊ ሜትር) የስፒከር ሽቦ 3 አምፒር ሲያልፍ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በባለ 2.5 ግን 0.4 ብቻ። ስለዚህ ከፓኔል እስከ ኮንትሮለር ባለ 2.5፣ ለየአምፖሉ ባለ 1.5። ሽቦው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንዳይሆን ጫፉን በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡ ከነጣ ይተዉት።

ጣሪያ ላይ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ፊቱን አዙሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ዝናቡ አቧራውን አያጥብም። ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሲግል ቮልቱ ስለሚወርድ ሥሩ አየር ሊያልፍ ይገባል። የሣር ቤት ከሆነ ለብቻው ምሰሶ ይተከልለት። የማንጎ ቅርንጫፍ ጥላ ጥቂት ሴሎችን ብቻ ቢሸፍን እንኳ ሴሎቹ በአንድ መስመር የተያያዙ ስለሆኑ የአጠቃላዩ ጉልበት ይወድቃል። አቧራው በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ፤ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይጭረዋል።

ኢንቨርተርን፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረውን ሳጥን፣ በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ በዚህ መጠን ሶላር ላይ አይጨምሩት። ርካሹ ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት እንኳ ግማሽ አምፒር ያህል ይበላል፤ ቀንና ሌሊት ተከፍቶ ካደረ 140 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፣ የቤቱን የቀን ሲሳይ ሙሉውን ማለት ነው። ደግሞም በቀጥታ ባትሪው ላይ ስለሚታሰር ኮንትሮለሩ ሊያቋርጠው አይችልም። ቴሌቪዥን ካስፈለገ በ12 ቮልት የሚሠራውን ይግዙ።

በካርቶን የታሸገው ዕቃስ? በዋት ሲሰላ ውድ ነው፤ ባለ 20 ዋቱ በቀን 60 ዋት-ሰዓት ቢሰጥ ነው፣ ይህም ለሦስት ትንንሽ አምፖልና ለአንድ ሁለት ስልክ ይሆናል። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርናቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እዚያ ውስጥ ሊሠሩ አይችሉም፤ ሽቦው ተለክቷል፣ ኮንትሮለሩ ተስተካክሏል፣ ባትሪው ከፓኔሉ ጋር ተመጣጥኗል። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ እስከ 80 በመቶ እየተራገፈ ከ2,000 ጊዜ በላይ መሙላት ይችላል፤ ሙቀትንም ከሌድ አሲድ የተሻለ ይችላል። ከኩራዝ ለሚላቀቅ ቤት፣ በተለይ የሚገጥምና የሚጠግን ሰው በአቅራቢያ ለሌለው፣ እኛ የምንመርጥለት ይህን ነው። የኩራዝ ብርሃን 10 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ ባለ 2 ዋቷ አምፖል ወደ 200 ትሰጣለች፣ ያለ ጭስ። ልጅ ደብተሩን ያነብባታል፣ እናት ዓይኗ ሳይቃጠል ታበስልባታለች።

ካርቶኑን ሲገዙ ቬራሶል የተባለው የጥራት ማረጋገጫ ዝርዝር ውስጥ የዕቃው ስምና ሞዴል መኖሩን በስልክ ኢንተርኔት ይመልከቱ። ይህ ዝርዝር የዓለም ባንክ ቡድን ላይቲንግ ግሎባል ይመራው የነበረውን ምርመራ የተረከበ ነው፤ በዚያ መስፈርት የቤት ሶላር ባትሪና ዋና ሳጥን ቢያንስ የ2 ዓመት ዋስትና ሊኖረው ይገባል። የሚጎዳው ቦታ የታወቀ ነው፦ ገመዱ ፓኔሉ ጀርባ ላይ ከሚገባበት፣ የመሰኪያው ጃክና የአምፖሉ ማብሪያ። ፓኔሉን ጠዋት እያወጡ ማታ እያስገቡ መጠቀም ገመዱን ይበጥሰዋል፤ መሬት ላይ ከተነጠፈ ደግሞ ፍየል ይስበዋል። አንድ ጊዜ ጣሪያ ላይ ይታሰር። ትልቁ ድክመቱ መሰኪያው የራሱ ብቻ መሆኑ ነው፤ አምፖል ሲሞት ከሌላ ሱቅ ተገዝቶ አይገባለትም። ስለዚህ ሻጩ ትርፍ አምፖልና ገመድ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሸዋ በር ላይ ማቅረቡን ካላረጋገጡ ብሩን አይክፈሉ።

እየከፈሉ የሚጠቀሙበት ዓይነት ሲሆን ደግሞ ሳጥኑ በኮድ የሚከፈት ነው፤ ክፍያው ሲቆም ይዘጋል። በስልክ ገንዘብ መክፈል ከተቻለ መንገድ ይቆጥባል። ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ጠቅላላ ክፍያው ከእጅ በእጁ ዋጋ በስንት እንደሚበልጥ፣ ምርት እስኪደርስ ክፍያ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፣ ዕቃው ተበላሽቶ ጥገና ላይ ባለበት ጊዜ ክፍያው ይቆም እንደሆነ። እቁብ ያላቸው ጎረቤቶች ግን የተሻለ አማራጭ በእጃቸው ነው ብለን እናምናለን። አሥር ቤት አንድ ዓይነት ዕቃ ከገዛ በአንድ ቀን ተለክቶ ይገዛል፣ በዋጋም ይከራከራል፣ መለዋወጫውም አንድ ይሆናል። ከእቁቡ ላይ ትንሽ ተቀንሶ ለመንደሩ አንድ ቴስተር፣ አንድ ፓኬት ፊውዝ፣ ሁለት ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ ለባትሪ ጫፍ ቫዝሊንና ብሎን መፍቻ ይገዛ፤ አንድ ወጣትም ይህን ሁሉ ይማር። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 ድረስ ከሕዝቡ 35 በመቶ ለሚሆነው መብራት ከዋናው መስመር ውጪ እንዲደርስ ነበር ያቀደው። ተበታትኖ የሰፈረ የገጠር ቀበሌ ከዚያ ውስጥ ነው፤ የሚጠግን ሰው ከሌለ ግን የተሠራጨው ሁሉ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ መስታወት ሆኖ ይቀራል።

በቀን የሚባክን ጉልበትም አለ። ጥርት ባለ ቀን ባትሪው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊሞላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ፓኔሉ የሚሰጠው ተቀባይ የለውም። ስልክ የሚሞላው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቢሆን ማታ ለመብራት የሚቀረው ይጨምራል። የጎረቤት ስልክ በክፍያ ለሚሞላ ቤት ይህ ሰዓት የገቢ ሰዓት ነው።

ያረጀውን ሌድ አሲድ ባትሪ ጓሮ አይጣሉት፣ ሰብረውም እርሳሱን አያቅልጡ። የእርሳስ ብናኝ ከአፈሩ አይወጣም፤ እዚያ የሚጫወት ሕፃን አእምሮ ላይ ይደርሳል። ክዳኑን ሳይከፍቱ፣ አሲዱን ሳያፈስሱ፣ ቀጥ አድርገው በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው አዲሱን ወደሚገዙበት ይዘውት ይምጡ። አሮጌ ባትሪ በኪሎ ስለሚሸጥ ከአዲሱ ዋጋ ላይ እንዲቀነስልዎት ይጠይቁ።